የማክሰኞ ምድጃ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ጃንጥላ ረስቶ የሚወጣ የለም።
ከወንዙ ማዶ ግን፣ ከጣሪያ ጣሪያ፣
ሌላ ደመና አለ፣ የሳል ማደሪያ፤
ሰማይ ያላዘዘው፣ ምድጃ የወለደው፣
ሐምሌ በገባ ቁጥር ሰፈር የሚጋርደው።

ባሌ ጀልባ ጠጋኝ ነበረ፣ ነፍሱን ይማረው፤
ሰፊ መጋዘን፣ ከነቅጥራን ሽታው፣ ለኔ ነው የተወው።
የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ቁልፉን አዞራለሁ፤ ይመጣሉ፣ የረጠበ ኮት፣
የረጠበ ካርቶን፣ የረጠበ ተስፋ አንጠልጥለው፤
ማኅበር ነው ስሙ፤ ሕጉ አንድ ነው፦
ማንም ሳይሸጥ በፊት ያጣውን ይናገር፤
ያለው ደግሞ ያውጣ፣ ሳይደብቅ ነገር።

ኢስሜንያ አለች፣ ከበግ ጠጉር ትርፍራፊ
የግድግዳ ልባስ የምትሠራ፣ ሙቀት አቃፊ፤
ናዌል አለ፣ ጣቱ በመበየጃ የነደደ፣
ከእናቱ ኩሽና የአየር መለኪያ ያዋለደ፤
ፍሬሲያ፣ ከባሕር አረም ማሸጊያ የምታበጅ፣
ዕቃዋ አንዳንዴ ከደንበኛው ደጅ ሳይደርስ የሚያረጅ፤
ሪጎቤርቶ ደግሞ ማጣሪያ፣ ለጭስ ማውጫ አናት፤
ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ጡረታውን ብረት ገዛበት።

አንድ ነገር ልናዘዝ፣ የሚያስቅ፣ የሚያሳፍር፦
ስለ ጭስ ስንማከር፣ ስለ አየር ስንከራከር፣
መሐላችን የሚነደው የኔ ምድጃ ነው፣
ከሰፈሩ ምድጃ ሁሉ ይበልጥ የሚጨሰው።
ናዌል ሣጥኑን አብርቶ ቁጥሩን አየና ሳቀ፤
እንኳንስ የኛ ሳንባ፣ መለኪያውም ተጨነቀ።

ሪጎቤርቶ «መሰላል!» አለ፤ በዝናብ ጣሪያ ወጣ፤
ማጣሪያውን አጠለቀ፤ ጭሱ ግን ወደኛው መጣ።
ጥቀርሻ ዘነበብን፣ ኬኩ ላይ፣ ደብተሩ ላይ፤
የፍሬሲያ ነጭ ሹራብ ሌሊት መሰለ፣ ያለ ሰማይ።
ወርዶ ፊታችንን አላየም፤ ሄደ ዝም ብሎ፤
ሁለት ወር ወንበሩ ባዶ ቀረ፣ ኮቱን አንጠልጥሎ።

የቀረን ሰው ካልፈለጉት ማኅበር ትርጉሙ ምንድነው?
ኢስሜንያ ኮቱን ይዛ ሄደች፤ ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው።
ማጣሪያው ጓሮ ተጥሏል፤ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች፤
እንቁላሉን ለሱ ሰጥታ፣ ማጣሪያውን ተሸክማ መጣች።
ናዌል ሌሊቱን ሙሉ ለካ፣ ሰዓት በሰዓት፤
ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፦ እርጥብ ማገዶ ነው፣ የሰነፍ እሳት።
ፍሬሲያ ቆየት ብላ፣ «ማድረቂያዬ ሌሊት ሌሊት ሥራ ፈት፣
እንጨቱን አምጡት» አለች፤ እንዲህ ነው የተጀመረበት።

ማዘጋጃ ቤት ጨረታ አወጣ፣ ለሰማንያ ቤት ጥገና፤
የሦስት ዓመት ሒሳብ አምጡ አለ፣ ከነባንክ ዋስትና።
ለየብቻ ማናችንም ያንን ደጃፍ አንረግጥም፤
ኪሳችንን አራገፍን፤ ዋስትናው ግን አልሞላም።
መጋዘኔን አስያዝኩ። ልጄ በስልክ «ኦቲልያ!» አለኝ፤
ሲናደድ ብቻ ነው «እናቴ» ማለቱን የሚነሳኝ።
ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ፈርቻለሁ፣ ዛሬም እፈራለሁ፤
ሌሊት እነሣና ቁልፉን በጨለማ እዳስሳለሁ።

ሰማንያውን አላገኘንም፤ ሃያ ሁለት ቤት ነው የሰጡን፤
ሌላውን የዋና ከተማ ኩባንያ ወሰደው፣ በመኪናው ጭቃ እየረጨን።

ትናንት ድልድዩ ላይ ቆሜ፣ ከታች የባሕር አንበሳ ሲያንኮራፋ፣
ጭሱ የቀጠነ ጣሪያ ስቆጥር፣ ስሳሳት፣ ስቆጥር፣ ጊዜ ሳጠፋ፣
ሃያ አንድ ላይ ደረስኩ።
ሃያ ሁለተኛው ጠፋኝ፤ ወይ ጭስ የለው፣ ወይ ሰው የለው፤
ሰው እንዳለ ያወቅኩት፣ ሕፃን መዳፉን በመስኮቱ ላይ ሲያትም ነው።

የኔው ምድጃ ተራ ይጠብቃል፤ ገና ነው፣ ይጨሳል፤
የናዌል ቀይ መብራት ትበራለች፤ ሪጎቤርቶ ያስላል።
ማክሰኞ ነው። ዝናብ ነው። በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሟል፣
ስሙን አላውቅም፤ በካርቶን የተጠቀለለ ነገር ይዟል።
«ምን አለህ?» አልለውም። ግባ፣ እለዋለሁ፣ ኮትህን ስቀል፤
መጀመሪያ ያጣኸውን ንገረን፤ ያለህ ይደርሳል።